የውርስ ጥያቄ ይዘን ካራ ቆሬ፦ የአንድ የሸሪዓ ጥናት ማዕከል አገልግሎት ሲመዘን

ከአየር ጤና ወደ ዓለም ገና በሚወስደው መንገድ፣ ካራ ቆሬ አካባቢ፣ ብረታ ብረትና ቀለም ከሚሸጥበት ሱቅ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ አነስተኛ የሸሪዓ ሕግ ጥናት ማዕከል አለ። ባለፈው ዓመት የሟች ወንድሜን ውርስ ጉዳይ ይዘን ለሁለት ወራት ያህል የተመላለስነው እዚያ ነው፤ በኋላም ለራሴ ጉዳይ ተመልሼ ሄጃለሁ። የጎደለውንም ስለምጽፍ ስሙን አልጠቅስም። እንዲህ ያሉ ማዕከላት ምን እንደሚሠሩ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ በመሆኑ ግን ያየሁትን በዝርዝር ማስቀመጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ወንድሜ ሲሞት ባለቤቱን፣ እናታችንን፣ የ21 እና የ16 ዓመት ሴቶች ልጆቹን እንዲሁም የ14 ዓመት ወንድ ልጁን ትቶ ነው። አባታችን ቀደም ብሎ አርፏል። እኔ የሟች ወንድም ብሆንም ሟቹ ወንድ ልጅ ስላለው በሸሪዓው ከውርሱ አንዲት ሳንቲም አይደርሰኝም፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ ከየት ቆሜ እንደምመዝን እንዲያውቅ ነው። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ሰነድ ሰብሳቢውና ተመላላሹ እኔ ሆንኩ። ሟቹ የተወው ዋና ንብረት ጀሞ አካባቢ ያለ ቤት ነው። ቤቱ በ2008 ዓ.ም. በ800,000 ብር ተገዝቶ በወንድሜ ስም የተመዘገበ ሲሆን፣ የሁለት ደላሎችንና የአንድ መሐንዲስን ግምት አነጻጽረን 4,800,000 ብር ያወጣል በሚለው ሁላችንም ተስማምተናል።

ማዕከሉን ከማግኘታችን በፊት የሰፈራችንን መስጂድ ኢማም ጠይቀን ነበር። ከዐስር ሶላት በኋላ፣ በቆሙበት፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መለሱልን፦ ለሚስት አንድ ስምንተኛ፣ ለእናት አንድ ስድስተኛ፣ የቀረው ለልጆቹ ሆኖ ወንዱ የሴቷን እጥፍ ይወስዳል። መልሱ ትክክል ነው። ክፍልፋዮቹ በቁርኣን የተቀመጡ በመሆናቸው ሚራስ (የውርስ ሕግ) የተማረ ደረሳ (የሃይማኖት ተማሪ) ሁሉ ንብረቱን በ24 ከፍሎ፣ የልጆቹ ድርሻ ሳይሰበር እንዲወጣ ወደ 96 አሳድጎ፣ ለሚስት 12፣ ለእናት 16፣ ለወንዱ ልጅ 34፣ ለእያንዳንዷ ሴት ልጅ 17 ብሎ ሊያስቀምጠው ይችላል። እኛን የቸገረን ክፍልፋዩ አልነበረም። የሚከፈለው ገንዘብ ስንት እንደሆነና የማን እንደሆነ ነበር ያላወቅነው፤ ይህን ደግሞ ኢማሙም አልጠየቁን፣ እኛም አልነገርናቸውም።

ማዕከሉ የተለየው ገና ከመጀመሪያው ቀን ነው። በሩ ላይ የተቀበለን ወጣት ጥያቄያችንን ከመስማቱ በፊት አራት ገጽ ቅጽ ሰጠን። ቅጹ ሟቹ ዕዳ ነበረበት ወይ፣ ዘካ (ከሀብት በየዓመቱ የሚሰጥ ግዴታ ምጽዋት) ያልከፈለበት ዓመት አለ ወይ፣ ተናዞ ነበር ወይ እያለ ይሄድና ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ «ንብረቱ ሲገዛ ከሟቹ ሌላ ገንዘብ ያወጣ ሰው አለ? ካለ፣ ሲሰጥ ምን ብሎ ሰጠ?» ይላል። የወንድሜ ባለቤት እስክሪብቶውን ይዛ እዚህ ጥያቄ ላይ ስትደርስ ዝም አለች። ከዚያ ቀና ብላ ሳታየን፣ ለቤቱ ግዢ የመህር ወርቋን (ስትጋባ ከባሏ የተሰጣትን) ሸጣ፣ የደረሳትንም ዕቁብ ጨምራ፣ በጠቅላላው 200,000 ብር እንደሰጠች ተናገረች። እኔ ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጉዳያችንን የያዙት በዕድሜ የገፉ፣ ወሎ ውስጥ ለረጅም ዓመታት የሃይማኖት ትምህርት ሲቀሩና ሲያቀሩ (ሲማሩና ሲያስተምሩ) የኖሩ ሼህ ናቸው። ከጎናቸው ከዩኒቨርሲቲ በሕግ የተመረቀ ወጣት ኡስታዝ ተቀምጦ ይጽፋል።

«ልጄ፣ ወርቁን ሸጠሽ ገንዘቡን ስትሰጪው ምን ብለሽ ነበር?» አሏት።

«ለቤታችን ይሁን ነው ያልኩት አባባ።»

«እስቲ ረጋ ብለሽ አስቢ። ‹ለቤትህ› ነው ያልሽው ወይስ ‹ለቤታችን›?»

«ለቤታችን።»

ኡስታዙ ቃሏን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጎ ጻፈው። ሼሁ ወደ እናታችን ዞረው የምታውቀው ነገር እንዳለ ጠየቋት፤ እናታችንም ሰምታ እንደነበር፣ «ለቤታችን» መባሉንም እንደምታስታውስ መሰከረች። ይህ ምስክርነት የራሷን ድርሻ እንደሚቀንስ በዚያች ሰዓት ታውቅ ነበር ወይ ብዬ ኋላ ጠይቄአት፣ «ታዲያ ልዋሽ ነው?» ብላ ዘጋችኝ።

ያች አንዲት ቃል ምን ያህል እንደምትመዝን የገባኝ የጽሑፍ መልሱ ሲደርሰን ነው። ሚስት ለባሏ የሰጠችው ገንዘብ ስጦታ፣ ብድር ወይም ሽርክና ሊሆን እንደሚችል ሰነዱ ያብራራል፤ በሦስቱም መንገድ ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። ከቤቱ ዋጋ ላይ ለእናታችን የሚመለስ የ80,000 ብር ብድርና ወንድሜ ከመርካቶ ነጋዴ በዱቤ የወሰደው የ64,000 ብር ዕዳ በማናቸውም አኳኋን አስቀድመው ይነሣሉ። ገንዘቧ ስጦታ ነው ከተባለ ከውርሱ የሚደርሳት 582,000 ብር ብቻ ነው። ብድር ከሆነ 200,000 ብሯ ይመለስላትና ከቀረው አንድ ስምንተኛ ተጨምሮ 757,000 ይሆንላታል። ሽርክና ከሆነ ግን ቤቱ ሲገዛ ከዋጋው አንድ አራተኛውን ስለከፈለች ዛሬም የቤቱ አንድ አራተኛ የራሷ ነው፤ ያም 1,200,000 ብር ማለት ነው። ይህ ውርስ ሳይሆን የሟቹ ያልነበረ ንብረት ስለሆነ ከክፍፍሉ በፊት ተለይቶ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ዕዳዎቹ ሲነሡ ለውርስ የሚቀረው 3,456,000 ብር ነው፤ ለ96 ሲካፈል አንዱ እጅ 36,000 ብር ይሆናል። በዚህ መሠረት ለሚስት 432,000፣ ለእናት 576,000፣ ለወንዱ ልጅ 1,224,000፣ ለእያንዳንዷ ሴት ልጅ 612,000 ብር ደርሷል። ሚስትየዋ የራሷንና የውርሷን ደምራ 1,632,000 ብር ታገኛለች። ማዕከሉ ቃሏን፣ የእናታችንን ምስክርነት፣ ወርቁ የተሸጠበትን ደረሰኝና የዕቁቡን ደብተር መርምሮ ሽርክና መሆኑን ወስኗል። ኢማሙ በቆሙበት በነገሩን መልስ ብንሄድ ኖሮ፣ ማንም ሳይዋሽና ማንም ሳይሰርቅ፣ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ከእጇ ይወጣ ነበር።

የፊቅህ (የእስልምና ሕግ ዕውቀት) ሰዎች በአንድ ነገር ላይ የሚሰጥ ብይን ነገሩን በትክክል ከማወቅ የሚወጣ ቅርንጫፍ ነው ይላሉ። የጥናት ተቋማት ለዛሬው ሙስሊም የሚያስፈልጉበት ምክንያት በእኔ አስተያየት ከዚህ አባባል ብዙ አይርቅም። ሐላልና ሐራሙን የሚነግር ሰው ድሮም አልጠፋም፤ ዛሬማ በየስልኩ አለ። እየከበደ የመጣው ጉዳዩ ራሱ ምን እንደሆነ አጣርቶ ማወቅ ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ ጉባኤ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1981 በመካና በጣኢፍ በተካሄደው ሦስተኛው የእስልምና አገሮች መሪዎች ጉባኤ ውሳኔ ነው፤ መቀመጫው ጅዳ ሲሆን ዑለማዎች ከየሙያው ባለሞያ ጋር ተቀምጠው የሚመክሩበት መድረክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 አማን ላይ ሲሰበሰብ ከተነጋገረባቸው ጉዳዮች አንዱ አንጎሉ ሥራ ያቆመ፣ ልቡ ግን በመሣሪያ የሚመታ ሕሙም ሞቷል ወይስ አልሞተም የሚለው ነበር። ይህን ሐኪም ሳይናገር ፈቂህ ብቻውን ሊመልሰው አይችልም። በዚያው ስብሰባ የወረቀት ገንዘብ እንደ ወርቅና ብር ሙሉ የገንዘብነት ጠባይ እንዳለው፣ ስለዚህም የወለድም የዘካም ሕግ እንደሚመለከተው ተወስኗል። የጋራ ኢጅቲሃድ፣ ማለትም ሊቃውንት በጋራ መርምረው ብይን ላይ የሚደርሱበት መንገድ፣ የሚባለው ይህ ነው። ካራ ቆሬ ያየሁትም፣ መጠኑ እጅግ ቢያንስም፣ አሠራሩ ያው ነው፤ አንድ ሼህ፣ አንድ የሕግ ምሩቅና በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ የሒሳብ ባለሞያ አንድ ፋይል ላይ ተቀምጠው ይከራከራሉ።

ከሁሉ የከበደው የእናታችን ብድር ነው። ቤቱ ሲገዛ 80,000 ብር ለወንድሜ ያበደረችው ሁላችን ባለንበት፣ «ሲኖርህ ትመልስልኛለህ» ብላ ስለነበር ብድርነቱ አላከራከረም። አነጋጋሪው ስንት ይመለስላት የሚለው ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከ57 ብር ከፍ ብሎ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን እንዳለፈ፣ ከዚያ በፊትም የኑሮ ውድነቱ ለዓመታት የብሩን አቅም ሲቦረቡረው እንደኖረ የማያውቅ የለም።

«ያኔ እኮ 80,000 ብር የስድስት በሬ ዋጋ ነበር» አለች እናቴ። «ዛሬ አንድ በሬ ልትሰጡኝ ነው?»

ሼሁ አልተቆጡም፤ ቶሎም አልመለሱም። በጽሑፉ ላይ የተሰጠው መልስ የጅዳው ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ያሳለፈውን ውሳኔ የተከተለ ነው። በውሳኔው መሠረት በአንድ ገንዘብ የተገባ ዕዳ የሚከፈለው በዋጋው ሳይሆን በአምሳያው፣ ማለትም በዚያው ገንዘብ በዚያው ቁጥር ነው፤ ዕዳን ከዋጋ ንረት ጋር እያሰሉ ማሳደግ ወደ ወለድ በር የሚከፍት ነውና። ስለዚህ ለእናቴ የሚመለሰው ያው 80,000 ብር ነው። የሰነዱ ሁለት ገጽ ጎን ለጎን ሲነበብ ሚዛኑ ይከብዳል፤ «ለቤታችን» ያለችው ምራት ገንዘቧ ከቤቱ ጋር ስድስት እጥፍ አድጎ ሲወጣ፣ «ትመልስልኛለህ» ያለችው እናት ቁጥሩ ብቻ ቀርቶላታል። ገንዘቡ በሽርክና የተሰጠ ቢሆን ኖሮ ያው 80,000 ብር ዛሬ 480,000 ብር ይሆን ነበር። ሼሁ ግን ሸሪክ የሚሆን ሰው የቤቱ ዋጋ ሲወድቅም አብሮ የሚወድቅ መሆኑን፣ አበዳሪ ደግሞ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ገንዘቡን እንደማያጣ አስረዱን። ይህን ከሰማሁ በኋላ ፍትሑ ገብቶኛል፤ ሆዴ ግን እስከ ዛሬ ከእናቴ ጋር ነው።

እዚህ ላይ ማዕከሉን የምወቅስበት ነገር አለ። የሐነፊይ መዝሀብ (የሸሪዓ ሕግ አስተምህሮ) መሥራች ከሆኑት ከኢማም አቡ ሐኒፋ ደቀ መዛሙርት አንዱ የነበሩት አቡ ዩሱፍ የመዳብ ሳንቲሞች ዋጋ ሲለዋወጥ ዕዳው በተበደሩበት ቀን ዋጋ እንዲከፈል ያስተማሩ መሆናቸው ይታወቃል። ሰነዱ ይህን አመለካከት የጠቀሰው በአንዲት መስመር ብቻ ነው፤ ለምን እንዳልተቀበለው አይናገርም። ወሎን ብቻ ብንወስድ የሻፊዒይና የሐነፊይ መዝሀብ ተከታዮች በአንድ ጎረቤት ተሰባጥረው የሚኖሩበት አገር ነው። ጥናት የሚል ስም የያዘ ተቋም ያልመረጠውንም ሐሳብ ለምን እንዳልመረጠው ሊያሳይ ይገባዋል፤ አለበለዚያ ከኢማሙ የሁለት ደቂቃ መልስ የሚለየው በገጹ ብዛት ብቻ ይሆናል።

እናታችን እንዳትጎዳ የታሰበ መፍትሔም ቀርቦ ነበር። ተበዳሪ በራሱ ፈቃድ ከወሰደው አብልጦ ቢመልስ የተወደደ ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተበደሩትን ግመል በተሻለ ግመል መመለሳቸው ተዘግቧል። ስለዚህ ወራሾቹ ከፈለጉ ከየድርሻቸው ለእናታችን ሊጨምሩላት ይችላሉ። ሆኖም ሼሁ ወዲያው ገደብ አበጁለት፦ የ14 እና የ16 ዓመቶቹ ልጆች ድርሻ አባት የሞተባቸው፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ገንዘብ ስለሆነ እናታቸውም ሆነች እኔ አጎታቸው አንዲት ብር ልንቀንስላቸው አንችልም፤ መጨመር የሚችሉት ሚስትየዋና ትልቋ ልጅ ብቻ ናቸው። ሚስትየዋ 100,000 ብር ጨምራለች።

የትልቋን ልጅ ነገር ካነሣሁ አይቀር አንድ ልጨምር። በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ምንም ሳይሰላ፣ «እኔ ድርሻዬን ለወንድሜ አውፍ ብያለሁ» (ትቼለታለሁ) ብላ ነበር። በእኛ ቤተሰብ ሴት ልጅ እንዲህ ስትል ትመሰገናለች፤ እኔም በሆዴ አመስግኛታለሁ፣ አልደብቅም። ሼሁ ግን ስንት እንደሚደርሳት ታውቅ እንደሆነ ጠየቋት። እንደማታውቅ ስትነግራቸው፣ «እንግዲህ ልጄ፣ ያላወቅሽውን እንዴት ብለሽ አውፍ ትያለሽ? መጀመሪያ ድርሻሽ ተለይቶ እጅሽ ይግባ። ከዚያ ወዲያ ብትሰጪ ስጦታ ነው፤ ባትሰጪም ማንም ቅር አይልሽም» አሏት። ሰነዱ ላይ ከስሟ ትይዩ 612,000 ብር ተጽፎ ስታይ ወረቀቱን ደጋግማ አነበበችው። እስካሁን ለወንድሟ አልሰጠችም፤ የጠየቃትም የለም።

ወደ ጉድለቱ ልመለስ፤ ዋናው ገና አልተነሣም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንደኛው ተጋቢ ስም ቢመዘገብ እንኳ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ነው ብሎ ይገምታል። በዚህ ሕግ ቢሄዱ ለሚስትየዋ የቤቱ ግማሽ ገና ከመነሻው የራሷ ነው፤ የወርቅ ደረሰኝና የ«ለቤታችን» ምስክር ማቅረብ አያስፈልጋትም ነበር። በሌላ በኩል የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ውርስን፣ ስጦታንና ወቅፍን (ለበጎ ሥራ በቋሚነት የተሰጠ ንብረትን) የመሳሰሉ ጉዳዮች የማየት ሥልጣን ያላቸው ቢሆንም፣ ሥልጣናቸው የሚጸናው ተከራካሪዎቹ ፈቃዳቸውን ሲሰጡ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ለግልና ለቤተሰብ ጉዳዮች በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን የፈቀደው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። እንግዲህ አንዲት ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት ከመፍቀዷ በፊት በሁለቱም መንገድ ምን እንደሚደርሳት ማወቅ አለባት። ማዕከሉ ይህን አልጻፈላትም። ኡስታዙ ግን፣ ሰነዱን ሲያስረክበን፣ በቃል፣ በሚገባ ነግሯታል፤ መደበኛ ፍርድ ቤት የመሄድ መብት እንዳላት፣ ይህ ወረቀት ብይን ሳይሆን የጥናት አስተያየት እንደሆነ፣ ማንንም እንደማያስገድድ አስረድቷታል። ሐቀኛ ሰው ነው። ነገር ግን በቃል የተነገረ ነገር ደረጃ ላይ ሲወርዱ ይረሳል፤ በሰባት ገጽ ሰነድ ውስጥ አንድ አንቀጽ ቦታ ሊያጣ አይገባም ነበር።

ሚስትየዋ ያንን ከሰማች በኋላም በሸሪዓው መዳኘትን መረጠች። ምክንያቷን አልጠየቅኋትም።

እንዲያውም ይህ ክፍተት ከእኛ ጉዳይ የሰፋ ነው። በዚህ አገር የሙስሊሞች የቤተሰብ ጉዳይ በመንግሥት ዕውቅና ባላቸው ቃዲዎች (የሸሪዓ ዳኞች) መታየት የጀመረው ትናንት አይደለም፤ በ1936 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 62 የቃዲዎችንና የናኢባዎችን (የቃዲ ምክትሎችን) ምክር ቤቶች በሕግ አቁሟል። ያን ያህል ዘመን ሁለት ሕግ ጎን ለጎን ሲሠራ፣ ባልና ሚስት አብረው ሠርተው ቤት የሚገዙበት የከተማ ኑሮ በሸሪዓው እንዴት እንደሚታይ፣ ከአገሪቱ የቤተሰብ ሕግ ጋር የት እንደሚገጥምና የት እንደሚለያይ በአማርኛ ጠርቶ የተጻፈ ጥናት ከማንም በፊት ሊጠበቅ የሚገባው ከእንዲህ ዓይነት ማዕከል ነው። ግብፆች ዳሩል ኢፍታን (ፈትዋ የሚሰጠውን የመንግሥት ተቋም) ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1895 ነው፤ የአዝሀር የእስልምና ጥናት ጉባኤም በ1961 በወጣ ሕግ ሲመሠረት የራሳቸውን አገር ችግር በራሳቸው ባለሞያ ለማጥናት ነው። የጅዳና የካይሮ ውሳኔ ለእኛም ይጠቅማል፤ ስለ ዕቁብ፣ ስለ ዕድር፣ ስለ ጀሞ ቤትና ስለ አዋጅ 213 የሚያጠናልን ግን የለም።

የቀሩት ጉድለቶች ቀላል ናቸው፤ ለሄደ ሰው ግን ያማርራሉ። ሰነዱ በ15 ቀን ይደርሳል ተብሎ የደረሰው በስድስተኛው ሳምንት ነው። ስልክ አይነሣም። ከሰባቱ ገጾች ሁለቱን የሞላው ያልተተረጎመ የዐረብኛ ጥቅስ ነው፤ እናቴ የማታነበውን ወረቀት ተቀብላ ሳመችው እንጂ ምን እንደተባለላት ያወቀችው እኔ ካስረዳኋት በኋላ ነው። ፎቁ አሳንሰር የለውም። እናቴ ጉልበቷን እየያዘች በየደረጃው እያረፈች ስትወጣ ወጣቱ ተቀባይ ወንበር ይዞ እስከ ሁለተኛው ፎቅ መውረዱ ደግ ሥራ ነው፤ ይሁንና ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ አረጋዊ በሆነበት ሥራ ምድር ላይ አንዲት ክፍል መከራየት ይሻላል። ለሴቶች ለብቻ የሚነጋገሩበት ቦታም የለም፤ የወንድሜ ባለቤት ስለ ወርቋ የተናገረችው ሌሎች ባለጉዳዮች ተራ በሚጠብቁበት ክፍል ውስጥ ነው።

ለራሴ የሄድኩበት ጉዳይ አጭር ነው። ከአንድ ባንክ ከወለድ ነፃ በሆነው መስኮት በሙራበሃ (ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ ለደንበኛው በሚሸጥበት ውል) አነስተኛ የጭነት መኪና ለመግዛት ፈልጌ ውሉን አስነበብኳቸው። ብሔራዊ ባንክ አገልግሎቱን በመስኮት ደረጃ የሚፈቅደውን መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንክ እንዲቋቋም የሚፈቅደውን ደግሞ በ2019 ካወጣ ወዲህ እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ባንኮች ተከፍተዋል፤ የሙራበሃ ውልም ለብዙ ነጋዴ የዕለት ወረቀት ሆኗል። ማዕከሉ በሁለት ቀን መለሰልኝ። ጥያቄው ሁለት ብቻ ነበር፦ መኪናው ለእኔ ከመሸጡ በፊት በእርግጥ በባንኩ ባለቤትነት ሥር ይገባል ወይ? እጄ ሳይገባ ቢጎዳ ኪሳራው የማን ነው? ውሉ ለመጀመሪያው ግልጽ መልስ ነበረው፤ ሁለተኛው ግን የተድበሰበሰ ስለነበር ባንኩን ጠይቄ በጽሑፍ አስተካከልኩ። ለዚህኛው አገልግሎት ቅሬታ የለኝም።

ዋጋውን በተመለከተ የቃል ጥያቄ በነፃ ነው፤ ለውርሱ ሰነድ 1,500 ብር፣ ለውሉ ንባብ 500 ብር ከፍያለሁ። ለሰነዱ ሥራ ሲነጻጸር ርካሽ ነው፤ እንዲያውም ሁለት እጥፍ አስከፍለው በጊዜው ቢያደርሱት እመርጥ ነበር። ሰነዱን ይዘን የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ስንቀርብ ሒሳቡ አልተለወጠም፤ ቃዲው ግን የወርቁን ደረሰኝ ዋናውን ጠይቀው አይተዋል። የምትሄዱ ሰዎች ሁሉ ደረሰኝ፣ የዕቁብ ደብተር፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀትና በሕይወት ያለ ምስክር ይዛችሁ ሂዱ። ሐሙስ ከሰዓት ሼሁ ኪታብ የሚያቀሩበት ቀን ስለሆነ ማዕከሉ ይዘጋል፤ በሩ ላይ ምንም ማስታወቂያ ስላልተለጠፈ እኔ ይህን ያወቅሁት ሦስተኛው ፎቅ ድረስ ሁለት ጊዜ በከንቱ ከወጣሁ በኋላ ነው።